አባቴ ዶክትሬት ሊማሩ ነው

በእኛ ሰፈር ለውጭ አገር ትምህርት ያመለከተ ወጣት "እንዴት አደርክ?" መባል ይቀርበታል። በምትኩ "መቼ ነው የምትሄደው?" ይባላል። ባለሱቁ ዳቦ እያቀበለ ይጠይቀዋል፤ ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ ትጠይቀዋለች። ማመልከት መጠየቅ መሆኑን፣ የተጠየቀ ደግሞ "አይሆንም" ማለት እንደሚችል የሚያስብ የለም። ጥርሱን ታሞ ሁለት ቀን ከቤት ካልወጣማ "ሳይሰናበተን ሄደ" ተብሎ ይታማል።

የወንድሜ ልጅ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ፣ ጥቂት ከሠራ በኋላ አምና ለድኅረ ምረቃ ማመልከት ሲጀምር የእኔን ሳሎን ቢሮ አደረገው። ዕውቀቴን ፈልጎ እንዳይመስላችሁ። ፕሪንተር አለኝ። "ጋሼ፣ ዋይፋዩ ይሠራል?" እያለ ይገባል፤ ሰላምታው እሷ ናት። እኔም ቡና እያቀረብኩ፣ ያልተጠየቅሁትን ምክር እየለገስኩ ሥራውን በቅርብ ተከታተልኩ።

ፎርሙ ጠብ የሚያነሣው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ነው። "የቤተሰብ ስም" ይላል። እኛ ዘንድ ቤተሰብ ስም የለውም፤ ስም ያለው ሰው ነው። ልጁ የራሱንና የአባቱን ስም ጻፈና አያቱን "የቤተሰብ ስም" የሚለው ሣጥን ውስጥ አስገባቸው። አያቱ ማለት አባቴ ናቸው። ዳዊት ደግመው፣ ማሳቸውን አርሰው፣ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ ያረፉ ሰው። ከወራት በኋላ ከአሜሪካ ደብዳቤ ሲመጣ በእሳቸው ስም "ውድ አቶ እገሌ" ብሎ ይጀምርና ለዶክትሬት ትምህርት መቀበላቸውን ያበሥራቸዋል። ወንድሜ ስልኩን ከዓይኑ አራቅ አድርጎ ሁለቴ አነበበውና "አባባ ገቡ!" አለ።

የዓመተ ምሕረቱም ጣጣ አለ። ልጁ የተመረቀው በ2015 ነው። ይህን እንዳለ የሚያነብ ፈረንጅ "ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?" ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ የምረቃውን ዓመት ወደ እነሱ አቆጣጠር አሻገረው። ሰው ባንድ ሌሊት ስምንት ዓመት ወደፊት ተጉዞ አሁንም ሥራ ፈላጊ ሆኖ ሲነጋበት አስቡት።

የማመልከቻው መዝጊያ ዲሴምበር 15 ከምሽቱ 11፡59 ይላል፤ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት። ወደ እኛ ለማምጣት ስምንት ሰዓት ይጨመራል፤ በማግስቱ ጠዋት 7፡59 ይሆናል። ከዚያ ላይ ስድስት ሰዓት ይቀነሳል፤ ከጠዋቱ 1፡59፣ ታኅሣሥ 7 ቀን። ወንድሜ ግን "ከምሽቱ 11" የሚለውን እንዳየ ፀሐይ ሳትጠልቅ "አለፈብህ!" ብሎ ጮኸ። ልጁም አባቱን አረጋግቶ ሲያበቃ ያንን ትርፍ ሌሊት እስከ ንጋት ተጠቀመበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የዘመኑ ተማሪ ግን ሲሮጥ ታጥቆ ሲሮጥ ነው የሚልከው።

ፎርሙ ሲያልቅ ሒሳብ ይመጣል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ማመልከቻ ለማንበብ ከ75 እስከ 125 ዶላር ያስከፍላሉ። ለማንበብ ነው ያልኩት፤ ለመቀበል አላልኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻግሯል። ብሩ ቢገኝ እንኳ ዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ካርዱ ያለው ደግሞ ቨርጂኒያ ነው፤ የአክስቱ ልጅ ዘንድ።

እሷም አላሳፈረችውም፤ ከፈለች። ገንዘብ የከፈለ ሰው ግን ምክሩን ደረሰኝ አድርጎ ይልካል። "ዲሲ አካባቢ ካልሆነ እንዳትመጣ፤ ሌላው ጫካ ነው።" የከፈለችባቸው ትምህርት ቤቶች በሙሉ እሷ ጫካ በምትለው ውስጥ ነበሩ። ልጁ ኋላ ላይ "የማመልከቻ ክፍያው ይቅርልኝ" ብሎ መጻፍ ጀመረ፤ አንዳንዶቹ እሺ አሉት። መጠየቅ ነውር የሚመስለን እኛ ብቻ ነን፤ እነሱ ለዚያ የተዘጋጀ ፎርም አላቸው።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ ኮስት ሼሪንግ ይከፈላል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከተማረበትና ከበላበት ወጪ ድርሻውን ተመርቆ ይከፍላል። እዳው እንዳለቀ የሚመሰክር ወረቀት ይያዛል። ወረቀቱ ተይዞ መስኮቱ ጋ ሲደረስ "ሲስተም የለም" ይባላል። ሲስተሙ ሲመጣ ፈራሚው ስብሰባ ገብተዋል። ፈራሚው ሲወጡ ማኅተም ያዧ ለቅሶ ሄዳለች። አሜሪካ ለመግባት የሚያስፈልገው ትዕግሥት የሚለካው እዚያች መስኮት ላይ ይመስለኛል፤ እዚያ ያለፈ ሌላው ፈተና አይከብደውም።

ፈተና ካልን አይቀር፣ ጂአርኢ የሚባለው 220 ዶላር ይፈልጋል። የቃላትና የሒሳብ ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው ትንሹ ነጥባቸው 130፣ ትልቁ 170 ነው። ከኮቪድ ወዲህ ብዙ የምህንድስና ክፍሎች ግዴታነቱን አንሥተውታል፤ የወንድሜ ልጅ ይህን ያወቀው የቃላት መጽሐፉን ግማሽ በቃሉ ከያዘ በኋላ ነው። እስካሁን ድረስ ሰው የማያውቀውን እንግሊዝኛ ሰላምታ ላይ ጣል ያደርጋል። የእንግሊዝኛ መመዘኛዎቹ የቶፍልና የአይልትስ ነገር ደግሞ ይለያል፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ቋንቋ እንደ ወተት ቀን እንደሚያልፍበት ያወቅሁት ያኔ ነው። ልጁ ሁለተኛ ደረጃንም ዩኒቨርሲቲንም የተማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ይህንኑ የሚመሰክር ደብዳቤ በቂ የሆነላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ደብዳቤው የሚወጣው ግን ከዚያችው መስኮት ነው።

ጀርመንም አመልክቷል። ጀርመኖች ውጤት የሚቆጥሩት ወደ ታች ነው፤ 1.0 ምርጥ፣ 4.0 ለጥቂት ያለፈ። የውጭ ተማሪን ነጥብ ወደ ራሳቸው የሚመልሱበት ቀመር አላቸው፤ በእሱ ሲሰላ የልጁ 3.4 ወደ 1.9 ወረደ። እናቱ ይህን ስትሰማ አልቅሳ ልታስለቅሰን ነበር። "አምስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ያጠናውን አንድ ነጥብ ተኩል ቀነሱበት?" አለች። 1.9 ጥሩ ውጤት መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ እስካሁንም ያመነች አይመስለኝም።

የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ከሦስት መምህራን ይፈለጋል። ልጁ አንደኛው መምህር ጋ ቢሄድ "ራስህ ጽፈህ አምጣ፤ እፈርማለሁ" አሉት። እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ጉድ ያፈላል። "ራስህን አታመስግን" ተብሎ ያደገ ልጅ ራሱን በሌላ ሰው አፍ እንዲያመሰግን ተጠየቀ። ላብ በላብ ሆኖ የጻፈው "ጠባዩ መልካም ነው፤ ሰዓት ያከብራል" የሚል ሆነ። "ይህ እኮ ለዘበኛ ቅጥር የሚጻፍ ነው" አልኩት። አሜሪካኖቹ የሚጠብቁት "ካስተማርኳቸው ሁሉ ከጥቂቶቹ ምርጦች አንዱ ነው" የሚል፣ ከሥር ደግሞ ምን እንደሠራ የሚዘረዝር ደብዳቤ ነው። ሁለተኛዋ መምህርት ግን አስቀምጠው ጠየቁት፤ ምን እንደሠራ፣ የት እንደተቸገረ። ደብዳቤውን ራሳቸው ጻፉ። ከሦስቱ ክብደት የነበረው የእሳቸው እንደሆነ እገምታለሁ።

ከሁሉ የባሰው "የዓላማ መግለጫ" የሚባለው ድርሰት ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ "ከልጅነቴ ጀምሮ የአባቴን ሬዲዮ እየፈታሁ..." ብሎ ይጀምራል። ወንድሜ ከትከሻው በላይ አነበበና "የእኔን ሬዲዮ? ማነው የፈታው?" ብሎ ተነሣ። ማንም አልፈታውም። ሬዲዮው እስከ ዛሬ ይሠራል። ልጁ ከጓደኞቹ ድርሰት ላይ አይቶ ነው የጻፈው፤ ጓደኞቹም ከጓደኞቻቸው። በድርሰቱ ቢሆን ኖሮ በዚህ አገር አንድ የተገጠመ ሬዲዮ ባልተገኘ ነበር።

"እውነት የሠራኸው ምንድን ነው?" አልኩት።

የመመረቂያ ሥራው ስለ ሰፈራችን ትራንስፎርመር ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በበዓል ዋዜማ ሠላሳ ቤት ባንድ ጊዜ ምጣድ ሲጥድ ወደ 100 ኪሎ ዋት ይጠጋል፤ ይኼን ያህል ጭነት ለ100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ከአቅሙ ጫፍ ነው። አምፖሉ፣ ማቀዝቀዣው፣ ቴሌቪዥኑ ገና አልተቆጠረም። ልጁ ለሳምንታት ለክቶ፣ ምጣዶቹ በየተራ ቢጣዱ ጭነቱ ምን ያህል እንደሚረግብ አስልቶ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ያ ኃይል እትዬ ምጣድ ዘንድ በምን በኩል እንደሚደርስ መጠየቅ ግን የእንዲህ ያለው ልጅ ሥራ ነው።

ሬዲዮው ወጣ፤ ምጣዱ ገባ። ይህን ሲጽፍ መብራት ሁለቴ ጠፋ። እናቱ ነገሩን ስትሰማ ደግሞ ሌላ ኡኡታ፦ "በእኔ ምጣድ አሜሪካ ድረስ አሳማኸኝ?" በኋላ በቪዲዮ ያነጋገረው ፕሮፌሰር ግን ከማመልከቻው ሁሉ የጠየቀው ስለ ምጣዱ ብቻ ነበር። በስንት ደቂቃ እንደሚግል፣ ስንት እንጀራ በአንድ ጊዜ እንደሚጋገር፣ ሁሉን ጠየቀ። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛዋ ምሁር እናቱ ነበረች፤ ማን ይጥራት!

በመጋቢት መልስ ይጎርፍ ጀመር። የሚበዛው "አይሆንም" ነው። የፈረንጅ "አይሆንም" ከምስጋና ጀምሮ በመልካም ምኞት ያልቃል፤ ወንድሜ መካከሉን ስለሚዘለው ሁለቴ እልልታ አስጀምሮ አቋርጧል። በመጨረሻ ሦስት "እሺ" በእጁ ቀረ።

አንደኛው ስሙን ባለሱቁም የሚያውቀው ትምህርት ቤት ነው፤ ማስተርስ፣ ያለ ምንም ድጋፍ። የዓመቱ ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ሁለተኛው ጀርመን ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ከጥቂቶች በቀር የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ነገር ግን ለቪዛው የዓመት መተዳደሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስቀድሞ መታየት አለበት። ሦስተኛው በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ያለ፣ ከተማውን ካርታ ላይ ለማግኘት መነጽር የሚያስፈልግ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶክትሬት፤ ክፍያው ተነሥቶለት፣ በሳምንት 20 ሰዓት ላቦራቶሪ ውስጥ እየሠራ የወር አበል ይታሰብለታል።

ሰፈሩን ግራ ያጋባው ይህ ነው። "ትልቁ ትምህርት በነጻ፣ ትንሹ በገንዘብ?" አሜሪካ ውስጥ በምህንድስና ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይቻላል። የዶክትሬት ተማሪ የፕሮፌሰሩ የምርምር እጅ ስለሆነ ይከፈለዋል፤ የማስተርስ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ደንበኛ ነው። ይህን የማያውቅ ጎበዝ ልጅ ለማስተርስ ብቻ አመልክቶ፣ አልፎ፣ በገንዘብ ምክንያት ሲቀር አይቻለሁ።

የቤተሰብ ጉባኤ ተጠራ። ወንድሜ ስሙን መረጠ። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" አለ። እውነት ነው፤ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ከቨርጂኒያ በስልክ የገባችው የአክስት ልጅ ሦስቱንም "ጫካ" አለቻቸው። እናቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ "እንጀራ አለ?" በእሷ መለኪያ ቢሆን ከሁሉ የሚበልጠው የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያ ስቴት ጤፍ መዘራት ከጀመረ ከአርባ ዓመት ያላነሰ ሆኖታል።

ያልተጠበቀ ድጋፍ የመጣው ከጡረተኛው ጎረቤታችን ከመቶ አለቃ ነው። "ከተማው አይታወቅም ትላላችሁ" አሉ። "ኦክላሆማን ማን ያውቃት ነበር? የአለማያን ኮሌጅ ያቋቋሙልን እነሱ አይደሉም?" ልክ ናቸው። በ1940ዎቹ፣ የዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ስምምነቱ የተፈረመው ከኦክላሆማ የእርሻና መካኒካል ኮሌጅ ጋር ነበር፤ ስንቱ የእርሻ ሊቃችን ስቲልዋተር በምትባል ትንሽ ከተማ ተምሮ ተመልሷል። ልጁም ሞራል አገኘና ጨመረበት፦ ጨረቃን የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ የተማረው ኢንዲያና ውስጥ ፐርዱ ነው፤ በፊዚክስ ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመው ጆን ባርዲን ያስተማረው ኢሊኖይ ነው፤ ሁለቱም በበቆሎ ማሳ የተከበቡ ናቸው። ወንድሜ "በቆሎውንማ እዚህም አለልህ" አለ።

እኔን ከጉባኤው ያስገረመኝ የተረሳው ነገር ነው። ድሮ አንድ ሰው ልጁን ሲድር ሽማግሌ ልኮ ሰባት ቤት ያስቆጥር ነበር፤ ቁጡ ናቸው ወይ፣ ቃል ያከብራሉ ወይ፣ ምራት እንዴት ይይዛሉ ተብሎ ይጣራ ነበር። አምስት ዓመት ገደማ ከአንድ ፕሮፌሰር ሥር ለሚያድር ልጅ ግን የሚጣራው የከተማው አየርና የትምህርት ቤቱ ዝና ብቻ ነው። አበሉን የሚሰጠው፣ ሥራውን የሚያርመው፣ ሲጨርስ "ጨርሷል" ብሎ የሚፈርመው ያ አንድ ሰው ነው። ዝናው የጋራ ነው፤ ቁጣው የግል ነው።

ልጁ ሽማግሌ ራሱ ሆነ። የየፕሮፌሰሮቹን ተማሪዎች ከላቦራቶሪዎቹ ድረ ገጽ ላይ እየፈለገ ጻፈላቸው። ስንት ዓመት ፈጀባችሁ? ገንዘቡ መሃል ላይ ተቋርጦባችሁ ያውቃል? የወጡት የት ሥራ ያዙ? ከባለ ዝናው ቤት አንዱ "በጽሑፍ ሳይሆን በስልክ እንነጋገር" አለ። በጽሑፍ የማይነገር ነገር ምን እንደሆነ ለሐበሻ አይነገረውም። ከመካከለኛው ምዕራብ ግን ረዣዥም መልስ መጣ፤ ሁሉም ብርዱን ያማርራሉ። ብርዱን እንዲያ ያሙ ሰዎች ፕሮፌሰሩን አላሙም።

ስለ መቸኮልም አንድ ነገር ልበል። በአሜሪካ ብዙ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች የፈረሙት ስምምነት አለ፤ የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ ከኤፕሪል 15፣ ማለት ከሚያዝያ 7 በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ይህን የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያው ኢሜይል ሲያጣድፈው ይፈርማል። ሌላው ደግሞ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ስም ሲጠብቅ ቀኑ አልፎበት ድጋፉን ያጣል። የወንድሜ ልጅ የተሰጠውን ጊዜ ተጠቅሞ፣ ድጋፉ ለስንት ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ አስረግጦ፣ ሦስተኛውን መረጠ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ለሁሉም የሚታወቅ ነው። ለውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያው 350 ዶላር፣ ለቪዛው 185 ዶላር፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ። ሕጉ ጠያቂውን ሁሉ "ሊቀር ነው የመጣው" ብሎ ይጀምራል፤ እንደሚመለስ ማስረዳት የአመልካቹ ዕዳ ነው። ሰፈሩ ግን ከወራት በፊት ሸኝቶ ጨርሶታል። ልጁ ቪዛው ተመትቶለት ሲወጣ ባለሱቁ "አሁንም አልሄድክም እንዴ?" አለው።

እንግዲህ ልጅ ያላችሁ፣ የወንድም ልጅ ያላችሁ፣ ፕሪንተር ያላችሁም ስሙኝ። ለሚያመለክተው ልጅ የትምህርት ቤት ስም አትምረጡለት። "ማነው የሚከፍለው? ለስንት ዓመት? ከማን ሥር ነው የምትሠራው? ተማሪዎቹን አነጋግረሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው መርቁት። ከሌለው ፊርማውን ያቆይ፤ እስከ ሚያዝያ 7 ጊዜ አለው።